የመስመር መዘግየትና የጨዋታ ሚዛን በቂርቆስና በካዛንቺስ

የአንድ ገበያ ክብር የሚጠበቀው በሚዛኑ ትክክለኛነት ነው። ገዢው የከፈለበት ኪሎ ካልጎደለበት፣ ሻጩም ላቀረበው ዕቃ ተገቢውን ዋጋ ካገኘ ሁለቱም በማግሥቱ ተመልሰው ይገናኛሉ። በአሁኑ ዘመን በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ ከካዛንቺስ እስከ በቅሎ ቤት፣ ከመሿለኪያ እስከ ጎተራ ባሉት ሰፈሮች ሌላ ዐይነት ገበያ ተከፍቷል፤ ይኸውም ወጣቶች በኢንተርኔት አማካይነት ከሩቅ አገር ተጫዋቾች ጋራ እየተወዳደሩ የሚያመሹበት የኤሌክትሮኒክ ጨዋታ ነው። የዚህ ገበያ ሚዛን ብረትና ድንጋይ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ ያውም በሰከንድ ሺኛ ክፍል የሚቈጠር ጊዜ። ይህ ሚዛን ለአዲስ አበባ ተጫዋች ያዘነበለ መሆኑን ተጫዋቾቹ ዘወትር ይናገራሉ። አቤቱታቸው የልጆች ጭቅጭቅ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ከዚህ በታች የሚቀርበውን ሒሳብ ቢመለከት መልካም ነው።

የጨዋታ ቤት ንግድ ለከተማው እንግዳ አይደለም። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ወይም ሦስት ቴሌቪዥን፣ ፕሌይስቴሽን የተባለው መሣሪያ፣ ጥቂት ጆይስቲክና አግዳሚ ወንበር ከተገኘ ሥራው ይጀመራል፤ ሒሳቡም በጨዋታው ብዛት ወይም በሰዓት ይከፈላል። ከሁሉ ይልቅ የሚወደደው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ሁለቱ ተጋጣሚዎች ጐን ለጐን ተቀምጠው በአንድ መሣሪያ ስለሚጫወቱ፣ የአንዱ ትእዛዝ ከሌላው ቀድሞ ደረሰ የሚባል ነገር አይነሣም። ጭቅጭቅ ቢኖር የጆይስቲክ ማርጀት ነው፤ እሱንም ባለቤቱ ጆይስቲኮቹን በማለዋወጥ ያበርደዋል። እንዲህ ባለው ቤት ሚዛኑ በባለቤቱ እጅ ነው።

ጨዋታው በኢንተርኔት ሲሆን ግን ሚዛኑ ከባለቤቱ እጅ ይወጣል። ተጫዋቹ ቁልፍ ሲጫን ትእዛዙ ጨዋታውን ወደሚመራው ኮምፒዩተር፣ ማለት ወደ ሰርቨሩ ይጓዛል። ሰርቨሩም እንደ ዳኛ የሁሉንም ትእዛዝ ተቀብሎ ማን መታ፣ ማን ሳተ፣ ማን ቀደመ የሚለውን ወስኖ ፍርዱን ለየተጫዋቹ መልሶ ይልካል። ትእዛዙ ሄዶ መልሱ እስኪመጣ የሚያልፈውን ጊዜ ተጫዋቾች «ፒንግ» ይሉታል፤ ፒንጉ ሲበዛ ደግሞ «ላግ አለ» ይባላል። መለኪያው ሚሊ ሰከንድ ነው፤ 1,000 ሚሊ ሰከንድ አንድ ሰከንድ ይሆናል።

ሚሊ ሰከንድ ምን ያኽል ዋጋ እንዳለው ለኢትዮጵያውያን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስከረም 15 ቀን 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ሩጫ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ ይኸውም 90 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። ሃያ አምስት ዙር ከተሮጠ በኋላ ወርቁን ከብሩ የለየው ይህ ቅንጣት ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ሆኖ በአውሮፓ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ወጣት ከዚህ የሚበልጥ ጊዜ በአንድ ውድድር አንድ ጊዜ ሳይሆን በየቁልፉ ይከፍላል። በሩጫ ዳኝነት ይህ ጉዳይ እንዴት እንደ ተፈታ ማስታወስ ይጠቅማል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያኽል ስለሚጓዝ፣ ተኳሹ በአንድ ዳር ቢቆም ስምንተኛው መስመር ላይ ያለው ሯጭ ተኩሱን ከመጀመሪያው ሯጭ 25 ሚሊ ሰከንድ ያኽል ዘግይቶ ይሰማል። ስለዚህ በታላላቅ ውድድሮች በየሯጩ መነሻ ጀርባ ድምፅ ማጉያ ተተክሎ ምልክቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ተደርጓል። እንዲሁም ምልክቱ በተሰማ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ የተነሣ ሯጭ ሰምቶ ሳይሆን ገምቶ እንደ ተነሣ ይቈጠርበታል። ለ25 ሚሊ ሰከንድ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከተደረገ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠው ልዩነት ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይሆንም።

የርቀት ቀረጥ

ብርሃን በባዶ ስፍራ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያኽል ይጓዛል፤ በፋይበር፣ ማለት በመስተዋት ክር ውስጥ ግን ፍጥነቱ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ሲለካ 5,300 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። ስለዚህ መስመሩ እንደ ገመድ ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ መልሱ ከ53 ሚሊ ሰከንድ ሊያንስ አይችልም። ወደ ዱባይ 2,500 ኪሎ ሜትር ያኽል ስለ ሆነ 25፣ ወደ ጆሃንስበርግ 4,000 ያኽል ስለ ሆነ 40 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ይህን ቀረጥ ማንም መንግሥት አልጣለውም፤ ማንም ሊያነሣውም አይችልም። በእውነተኛው ጕዞ ደግሞ ጊዜው ከዚህ በእጅጉ ይበልጣል። አገራችን የባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ በመጀመሪያ በጅቡቲ፣ በኬንያ ወይም በሱዳን በኩል ድንበር ይሻገራል፤ ከዚያም ወደ አውሮፓ የሚሄደው በቀይ ባሕር ታች በተዘረጋው ኬብል እስከ ግብጽ፣ ከግብጽም በሜዲትራንያን በኩል ይቀጥላል። በየመገናኛውም ጥቂት ጥቂት እየቆመ ይፈተሻል። የአስመጪ ዕቃ የሚመጣበትን መንገድ የሚያውቅ ነጋዴ ይህን ጕዞ ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው አንድ ነገር አለ። የኢንተርኔት አገልግሎት ሲሸጥ የሚነገረው ሜጋ ቢት የመስመሩን ስፋት እንጂ ርዝመቱን አያሳይም። ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና ከጅቡቲ 400 ኩንታል ሊያመጣ ይችላል፤ ይሁን እንጂ አንድ ደብዳቤ ብቻ ከያዘች ትንሽ መኪና ቀድሞ አይደርስም። ለፊልም ማየት የሚፈለገው ትልቁ መኪና ነው፤ ለውድድር ጨዋታ የሚፈለገው ግን ፈጣኑ መልእክተኛ ነው፤ የጨዋታ ትእዛዝ በመጠኑ ከደብዳቤ አይበልጥምና። ስለዚህ የላግ ችግር ያጋጠመው የጨዋታ ቤት ባለቤት ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ሜጋ ቢቱን እጥፍ ቢያደርግ፣ መስመሩ በሌሎች ተጠቃሚዎች ካልተጨናነቀ በቀር ገንዘቡን በከንቱ ማውጣቱ ነው።

ከርቀቱም የባሰ የሚያስቸግረው የጊዜው መለዋወጥ ነው። ዕቃው ዘወትር በ45 ቀን የሚደርስለት አስመጪ ሥራውን በዚያው ልክ ያዘጋጃል። አንድ ጊዜ በ30፣ አንድ ጊዜ በ90 ቀን የሚደርስበት ግን ደንበኛውንም ገንዘቡንም ያጣል። ተጫዋችም እንዲሁ ነው፤ ቋሚ የሆነ 120 ሚሊ ሰከንድ እጁ ይለምደዋል፤ ከ80 ወደ 300 የሚዘል መስመር ግን ምንም ዐይነት ልምምድ አያስተካክለውም። በሞባይል ዳታና ብዙ ግንብ አልፎ በሚመጣ ዋይፋይ የሚጫወቱት ልጆች ዋና ሥቃይ ይኸኛው ነው።

ሁለት ጎረቤቶች በውጭ አገር ሰርቨር ሲገናኙ የሚሆነው ነገር ደግሞ ያስደንቃል። አንዱ በኦሎምፒያ፣ ሌላው በባምቢስ አጠገብ ቢኖሩ፣ በእግር በጥቂት ደቂቃ የሚገናኙት እነዚህ ሁለት ልጆች በጨዋታው የሚገናኙት ትእዛዛቸው አውሮፓ ደርሶ ሲመለስ ነው። የጅማን ቡና ሐምቡርግ ልኮ፣ እዚያ አስቆልቶ፣ ለካዛንቺስ ጀበና መልሶ እንደ ማምጣት ይቈጠራል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም እኩል ስለሚዘገዩ በመካከላቸው ያለው ሚዛን አይዛባም፤ የሚጠፋው ጣዕሙ ነው። ሚዛኑ የሚዛባው ሦስተኛ ሰው ከፍራንክፈርት ወይም ከዋርሶ ሲገባ ነው።

ካዛንቺስ ከመልእክት መዘግየት ጋራ ያላት ትውውቅ ከጨዋታው ይቀድማል። ስሟ በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ከኢንቺስ ድርጅት የመጣ ሲሆን፣ ሰፈሯን ከዓለም ያስተዋወቀው ግን የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ነው። ኢንተርኔት ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት፣ በ1980ዎቹ ዓ.ም.፣ በኮሚሽኑ ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለው ክፍል የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ይሰጥ ነበር፤ ደብዳቤዎቹ ተጠራቅመው በስልክ መስመር በየተወሰነ ጊዜ ይላኩ ነበር። መልስ በማግሥቱ ቢመጣ እንደ ፈጣን ይቈጠር ነበር። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲጀመር፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ዋናው መንገድ ሳተላይት ነበር፤ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያኽል ከፍ ወዳለው ሳተላይት ወጥቶ የሚመለስ መልእክት በመውጣትና በመውረድ ብቻ ደርሶ መልሱ ግማሽ ሰከንድ ያኽል ይፈጃል። ከእ.ኤ.አ. 2009 ጀምሮ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ አዳዲስ የባሕር ኬብሎች ሲዘረጉ ነገሩ ተለወጠ። በ2007 ዓ.ም. አራተኛው ትውልድ የሞባይል አገልግሎት አዲስ አበባ ገባ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በዋና ከተማዋ ሥራ ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋራ ተወዳዳሪ ሆነ። በዚያው ዓመት ከኅዳር 19 እስከ 23 የዓለም የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በዚሁ በካዛንቺስ፣ በኮሚሽኑ አዳራሽ ተካሂዷል።

ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው?

የጨዋታ ሠሪዎች ርቀትን ማጥፋት እንደማይቻል ባወቁ ጊዜ፣ ያላቸው ምርጫ ኪሳራውን ለማን እናሸክም የሚል ብቻ ሆነ። ይህ ጥያቄ ለአስመጪና ላኪ እንግዳ አይደለም። ዕቃ በኤፍኦቢ ውል ሲገዛ መርከብ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለው ማጓጓዣና አደጋ የገዢው ነው፤ በሲአይኤፍ ውል ሲሆን ማጓጓዣውንና መድኑን ሻጩ ይከፍላል። ባሕሩ በሁለቱም ውል ያው ባሕር ነው፤ የሚለወጠው ሒሳቡ የሚጻፍበት ስም ነው።

ከጥንታዊዎቹ ዘዴዎች አንዱ ሁሉንም እኩል ማዘግየት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ የተባለው የጦር ስልት ጨዋታ የእያንዳንዱ ተጫዋች ትእዛዝ ለሁሉም እስኪደርስ ድረስ አንዱም እንዳይቀድም አድርጎ ነበር። ይህ ዘዴ በፍትሕ በኩል እንከን የለውም። ነገር ግን የአንዱ መስመር ሲደክም ሁሉም ይደክማሉ፤ የሲራራ ነጋዴ ጓዝ በደካማው በቅሎ እርምጃ እንደሚጓዘው ነው። የበቅሎ ቤት ሰፈር ነዋሪዎች ምሳሌው አይጠፋቸውም።

የተኩስ ጨዋታዎች ይህን ያኽል መታገሥ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1996 ለክዌክ ጨዋታ በተጨመረው ማሻሻያ፣ የተጫዋቹ መሣሪያ የሰርቨሩን ፍርድ ሳይጠብቅ የራሱን ተጫዋች እንቅስቃሴ ገምቶ ወዲያው እንዲያሳይ ተደረገ። እንዲያም ሆኖ ዒላማው ያለበት ቦታ ዘግይቶ ስለሚታይ፣ ፒንጉ የበዛበት ተጫዋች እንደ ቆቅ አዳኝ ከዒላማው ፊት ፊት መተኰስ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2001 የቫልቭ ኩባንያ ባልደረባ ያን በርኒየር በጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ከዚህ የተለየ መንገድ አስረዳ። ሰርቨሩ ያለፈውን ጥቂት ጊዜ በመዝገብ ይይዛል፤ የተኩስ ትእዛዝ ሲደርሰው፣ ተኳሹ በዚያች ቅጽበት ምን ይታየው እንደ ነበረ አስልቶ ዓለሙን ወደ ኋላ ይመልሳል፤ በዚያ ሁኔታ መትቶ ከሆነ መትቷል ብሎ ይፈርዳል። ካውንተር ስትራይክን የመሳሰሉ ጨዋታዎች የሚሠሩት በዚህ ሥርዐት ነው።

በዚህ ፍርድ የካዛንቺሱ ልጅ ያየውን ይመታል፤ ይህ ለሩቁ ተጫዋች ትልቅ ውለታ ነው። የፍራንክፈርቱ ተጫዋች ግን ሌላ ነገር ይታየዋል። ሮጦ ከግድግዳ ጀርባ ተሸሽጓል፤ በራሱ ዐይን ደኅና ነው። ከዚያ በኋላ ወደቅህ ይባላል። የተፈረደበት ቀድሞ በነበረበት ቦታ ነው። ስለዚህ በአውሮፓ ተጫዋቾች ዘንድ የሩቅ አገር ሰው ወደ ጨዋታቸው ሲገባ ማጉረምረም የተለመደ ነው፤ ማጉረምረማቸውም ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ኩባንያዎቹም ሰርቨሩ ወደ ኋላ የሚመለስበትን ጊዜ ይወስኑታል፤ አንዳንዶቹ ፒንጉ ከተወሰነው በላይ የሆነውን ተጫዋች ያስወጡታል። ወሰኑ ለአንዱ ጥበቃ ሲሆን ለሌላው የተዘጋ በር ነው፤ በሩ የሚዘጋበት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር በአጠገቡ የሌለው አፍሪካዊ ነው።

ይህ ርኅራኄ ማጭበርበሪያም ሆኗል። «ላግ ስዊች» በሚባለው ዘዴ አንዳንድ ተጫዋች በገዛ እጁ መስመሩን ለአፍታ እየቈረጠ በሌሎቹ ዐይን እንደ ሐውልት ይቆማል፤ መስመሩን ሲመልስ ያ ሁሉ የተጠራቀመ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ይደርሳል። ከሚዛን ሥር ጣቱን ከሚያስገባ ባለ ሱቅ በምንም አይለይም። ከዚህ የተነሣ ክፉ መስመር ያለው ሐቀኛ ተጫዋች ከአጭበርባሪው ጋራ አብሮ ይጠረጠራል። ሰርቨሩ የሚያየው የተቈረጠ መስመር ብቻ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ይሁን፣ ገመድ ተነቅሎ ይሁን ሊለይ አይችልም። በዶታ 2 ከግጥሚያ ወጥቶ ከአምስት ደቂቃ በላይ ያልተመለሰ ተጫዋች ቡድኑን እንደ ከዳ ይመዘገብበታል። በካውንተር ስትራይክም ጥፋቱ ሲደጋገም ከጨዋታ የሚታገድበት ጊዜ ከ30 ደቂቃ ተነሥቶ እስከ 7 ቀን ይደርሳል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ለወራት ደክሞ ደረጃውን ያሳደገ ወጣት በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጨለማ ቢመጣበት፣ ያለ ጥፋቱ የከዳተኛ ስም ይሰጠዋል፤ ይግባኝ የሚልበትም ዳኛ የለውም።

ትልልቆቹ መሰናክሎችም ከከተማው ውጭ የሚመጡ ናቸው። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያኽል በአገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ በነበረ ጊዜ ስለ ፒንግ የሚጠይቅ አልነበረም። በየካቲት ወር 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር የተመታችው የሩቢማር መርከብ መልሕቋን እየጎተተች ሦስት የባሕር ኬብሎችን እንደ ቈረጠች ይታመናል። ጳጉሜን 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በጅዳ አጠገብ ሌሎች ኬብሎች ተቈርጠው የማይክሮሶፍት ደንበኞች ሳይቀሩ መዘግየት እንዳጋጠማቸው ኩባንያው አስታውቆ ነበር። ኬብል ሲቈረጥ መልእክቱ በሌላ መንገድ ይዞራል፤ መንገዱ ሲረዝም ፒንጉ ይጨምራል። የመርከብ ኩባንያዎች ከቀይ ባሕር ሸሽተው በደቡብ አፍሪካ በኩል ሲዞሩ የማጓጓዣ ዋጋ እንዴት እንደ ናረ አስመጪዎቻችን ያስታውሱታል፤ ነገሩ አንድ ነው።

በአክሲዮን ገበያም ይኸው ነው

ጨዋታ ነውና ምን ያደርጋል የሚል ነጋዴ፣ ይኸው ክርክር በዓለም ታላላቅ የአክሲዮን ገበያዎች እንደ ተነሣ ቢሰማ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል። በኒው ዮርክ ከሌላው በጥቂት ማይክሮ ሰከንድ የቀደመ ደላላ የዋጋ ለውጥን አስቀድሞ አይቶ ይገዛል፤ ዘግይቶ የደረሰውም ከእርሱ በተወደደ ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ በማህዋ፣ ኒው ጀርዚ በከፈተው የኮምፒዩተር ማእከል ለየደንበኛው የሚዘረጋው ኬብል ርዝመቱ እኩል እንዲሆን ተደርጓል፤ ወደ ዋናው መሣሪያ ቀርቦ የተቀመጠ ደንበኛ እንኳ ትርፉ ኬብል ተጠቅልሎ ይቀመጥለታል። እ.ኤ.አ. በ2016 በሙሉ የአክሲዮን ገበያነት የተፈቀደለት አይኢኤክስ ከዚህም አልፎ፣ ወደ ገበያው የሚገባውን ትእዛዝ ሁሉ 61 ኪሎ ሜትር ያኽል ርዝመት ባለው የተጠቀለለ ፋይበር ውስጥ እንዲያልፍ አድርጎ 350 ማይክሮ ሰከንድ ያዘገየዋል። ፈጣን መስመር ለመግዛት ገንዘብ ያለው ሰው ጥቅሙ በዚያ ጥቅልል ውስጥ ይቀልጣል። ገንዘብ የሚያወጣ ድርጅት ሆን ብሎ መዘግየትን ገዝቶ መትከሉ ለሰሚው እንግዳ ነው፤ ይሁን እንጂ ከኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሠሪዎች ሐሳብ ብዙ አይርቅም።

በአገራችን የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ግብይቱ ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቆመው ዋጋ እየተጣሩ፣ በመጨረሻም እጅ ለእጅ እየተማቱ ስለ ነበረ የመስመር ጥያቄ አልነበረበትም። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ግን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ የሚሠራ ነው። ዛሬ የግብይቱ ብዛት ለማይክሮ ሰከንድ ሽሚያ የሚያደርስ አይደለም። ቢሆንም በአዲስ አበባ የሚኖረው ደላላና በባሕር ዳር ወይም በጅግጅጋ ሆኖ ትእዛዝ የሚሰጠው ደንበኛ እኩል የሚታዩበት ደንብ ሽሚያው ሳይጀመር ቢታሰብበት ይሻላል። ካዛንቺስ ያሉ ልጆች ይህን ጥያቄ ከባንክ ባለሙያዎች ቀድመው አንሥተውታል።

የሰርቨሩ ነገር

ታዲያ ሰርቨሩ ለምን አይቀርብም? መልሱ የንግድ መልስ ነው። የጨዋታ ኩባንያ ሰርቨር የሚተክለው ከፋይ ደንበኛ ባለበት ነው። የአማዞን የኮምፒዩተር ማእከል እ.ኤ.አ. በ2020 በኬፕ ታውን ሲከፈት ገበያው እዚያ ስለ ነበረ ነው። የኢትዮጵያ ተጫዋች ግን መክፈል ቢፈልግ እንኳ መክፈያው አስቸጋሪ ነው፤ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ በእጁ ያለው ሰው ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የሶኒ ኩባንያ ሄልዳይቨርስ 2 የተባለውን ጨዋታ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ አገልግሎት በማይሰጥባቸው ከ170 በሚበልጡ አገሮች እንዳይሸጥ ባደረገ ጊዜ፣ ኢትዮጵያ አገልግሎቱ በሚሰጥባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ እንደሌለች ለብዙዎች ግልጽ ሆነ። ስለዚህ መሣሪያውን በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሳለ፣ ተጫዋቹ የሌላ አገር ነዋሪ መስሎ ይመዘገባል። በመዝገባቸው የዱባይ ወይም የአሜሪካ ሰው ስለ ሆነ ኩባንያው አዲስ አበባ ውስጥ ደንበኛ እንዳለው እንኳ በትክክል አይቈጥርም። ያልተቈጠረ ደንበኛ ሰርቨር አይመጣለትም፤ ሰርቨር ስለሌለውም ተስፋ ቈርጦ ይተወዋል።

ይህ ማለት ግን በአገር ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም ማለት አይደለም። በአዲስ አበባ የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ በቅርብ ዓመታት የግል የኮምፒዩተር ማእከሎች ተከፍተዋል። እንደ ማይንክራፍትና ካውንተር ስትራይክ ያሉ ጨዋታዎች ማንም ሰው የራሱን ሰርቨር እንዲያቆም ይፈቅዳሉ፤ ሶፍትዌሩም ያለ ክፍያ ይገኛል። ሰርቨሩ ከተማው ውስጥ ቆሞ መልእክቱ ከአገር ሳይወጣ ከደረሰ፣ በሪቼና በለገሃር መካከል ያለው የመንገድ ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሰከንድ በታች ነው፤ የቀረው የራውተርና የመሣሪያው መዘግየት ብቻ ነው። የኩባንያው ደረጃ የሚያዝባቸው ግጥሚያዎች በዚህ መንገድ እንደማይካሄዱ እውነት ነው። የሰፈር ለሰፈር፣ የክፍለ ከተማ ለክፍለ ከተማ ውድድር ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ተራ ጠብቆ ለሚጫወት ጨዋታ ደግሞ ይህ ሁሉ ድካም አያስፈልግም፤ ገበጣ በኢንተርኔት ቢጫወቱት መልእክቱ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ጠጠሯ አትጠፋም።

በዓለም ትልልቅ ውድድሮች የመጨረሻው ግጥሚያ በአንድ አዳራሽ መደረጉም ከዚሁ የተነሣ ነው። የዶታ 2 ታላቅ ውድድር እ.ኤ.አ. በ2011 በጀርመን በኮሎኝ ሲጀመር ተጫዋቾቹ ከየአገሩ በአውሮፕላን መጥተው በአንድ ስፍራ ተገናኝተዋል። ሰውን ማጓጓዝ ውድ ነው፤ በተለያየ ሚዛን የተገኘ ሽልማት ግን ጭቅጭቅ ይወልዳል።

በዚህ በኩል የካዛንቺስ የጨዋታ ቤቶች መልካም ስፍራ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ሱቅ ተከራይተው ይሠሩ የነበሩ ሰዎችም ደንበኛቸው ተበትኖባቸዋል። ለመብራት ፍጥነት 20 ኪሎ ሜትር ቢጨመር ደርሶ መልሱ የሚረዝመው በ0.2 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በእግሩ እየመጣ ይጫወት ለነበረ ተማሪ ግን ሁለት ታክሲ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲስ መሣሪያ ማስመጣት ከቀድሞው በእጅጉ ስለ ተወደደ፣ ቤቱን በሌላ ሰፈር እንደገና የሚከፍት ሰው ያለውን ጠግኖ መጠቀም ግድ ሆኖበታል።

ለእንዲህ ያለው ባለቤት የሚያስፈልገው ዕቃ ዝርዝር ረጅም አይደለም። መሣሪያዎቹ ከዋይፋይ ይልቅ በኬብል ከአንድ ማከፋፈያ ጋራ ይያያዙ፤ ኬብሎቹ አንድ ዐይነት ይሁኑ። መብራት ሲጠፋ ራውተሩንና ማከፋፈያውን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ ይኑር፤ ቴሌቪዥኑን ለማቆየት ግን ከፍ ያለ ባትሪ ስለሚጠይቅ ዋጋውን አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የየመሣሪያው ፒንግ ከግጥሚያው በፊት በግልጽ ተለክቶ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ልዩነቱ ከፍ ያለ ከሆነ ተጫዋቾቹ በግማሽ ጊዜ ወንበር ይለዋወጡ። መብራት በመጥፋቱ የተቋረጠ ግጥሚያ በማን ስም እንደሚቈጠር፣ የመግቢያው ገንዘብም ይመለስ አይመለስ ደንቡ ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት በበሩ ላይ ይለጠፍ።